ማጭድ ከመስጠታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ዘንድሮ ተመርቃችሁ በልማት ሠራተኛነት ገጠር ልትገቡ ነው። ምክር ስጠን ብላችኋል። ስለ ጎጃም ወይም ስለ አርሲ ግን አላወራም፤ እዚያ አጎት ያለው ሁሉ ይከራከረኛል። በሥራ ምክንያት ያየሁትን የሩቅ አገር ገበሬ ላውራችሁ።

አገሩ ኢንዶኔዥያ ነው፣ የጃቫ ደሴት ምዕራቡ ክፍል። ሕዝቡ ሱንዳ ይባላል፤ ከ30 ሚሊዮን በላይ ነው። ተራራው እሳተ ገሞራ፣ ሸለቆው ሩዝ ነው። በድሮዎቹ መንደሮች ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ግድግዳው የተሸመነ ቀርከሃ ነው፣ ከወለሉ ሥር ዶሮ ያድራል። ከጎኑ የዓሣ ኩሬ አለ። የወጥ ቤት ትራፊ ለዓሣው፣ የኩሬው ጭቃ ለጓሮው። ምሳ ሩዝ፣ በጨው የደረቀ ዓሣ፣ የተወቀጠ ቃሪያና አንድ ክምር ጥሬ ቅጠል ነው። «ሱንዳን ጓሮ ብትለቀው አይራብም» እያሉ በራሳቸው ይቀልዳሉ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቅጠሉን ሳይ ፍየል መሰልኳቸው እንዴ ብያለሁ። በኋላ ግን ወደድኩት።

አሁን ወደ ቢላዋው ልግባ። የጻፍኩላችሁ ለእሱ ስል ነው።

እተም ይሉታል። ትንሽ እንጨት ላይ የተሰካች ስስ ምላጭ ናት፤ መዳፍ ውስጥ ትደበቃለች። ሴቶቹ የሩዙን ዘለላ በጣታቸው ወደ ምላጩ ሳብ እያደረጉ አንድ በአንድ ይቆርጣሉ። አዎ፣ አንድ በአንድ። ለምን ስትሏቸው የሩዝ እመቤት ንዪ ፖሃቺ ትልቅ ስለት አይታ እንዳትደነግጥ ነው ይሏችኋል። ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ኋላ ቀርነት ነው፣ ማጭድ ስጧቸው።»

ቁጭ ብላችሁ ብታዩ ግን ያቺ ቢላዋ ብዙ ሥራ ይዛለች። የጥንቱ ሩዝ ረጅም ነው፣ እኩል አይደርስም። በእተም የደረሰው ይቆረጣል፣ ያልደረሰው ይቆያል። ዘለላው ከነአገዳው ስለሚቆረጥ ይታሰራል፣ በቀርከሃ መስቀያ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ከነእስሩ ጎተራ ይገባል። እንዲህ የተቀመጠ ሩዝ ዓመታት ይቆያል። ዘሩም እዚያው ማሳ ላይ ይመረጣል፤ ያማረውን ዘለላ ለይታ የምታስቀምጠው አጫጇ ሴት ናት። ሥራው ብዙ እጅ ስለሚፈልግ ደግሞ መሬት የሌላት ጎረቤት ትጠራለች፣ ድርሻዋን በሩዝ ይዛ ትገባለች።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲሱ ዘር መጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፊሊፒንስ ባለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም የወጣ አጭር፣ ፈጣን፣ ማዳበሪያ የሚወድ ሩዝ ነው። እኩል ይደርሳል፣ ፍሬው በቀላሉ ይረግፋል። ስለዚህ ለእስር አይመችም። በማጭድ ይታጨዳል፣ ማሳው ላይ ይወቃል፣ ጆንያ ይገባል፣ ከጆንያ ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ገበያ። ጎተራው ሥራ ፈታ። ነጋዴ ሰብሉን ከነቁመናው ገዝቶ የራሱን አጫጆች ይዞ ይመጣ ጀመር። ያቺ ጎረቤት ቀረች። ማጭድን ለማምጣት ሲባል ይህ ሁሉ ይከተላል ብሎ የጻፈ ባለሙያ አላየሁም።

ምርቱ ግን ጨመረ፣ ይሄ አይካድም። በ1970ዎቹ በዓለም ላይ ብዙ ሩዝ ከሚገዙት አገሮች ፊት የነበረችው ኢንዶኔዥያ በ1984 ራሴን ቻልኩ አለች። የተራበ ሆድ ጠግቧል። ስለ ድሮ ሩዝ እያዜመ ይሄን የሚዘል ሰው ካጋጠማችሁ ምሳ የበላ ሰው ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። ፈጣኑ ሩዝ በዓመት ሁለቴ፣ ሦስቴ ይዘራል። ማሳው አያርፍም። ወረንግ የሚሏት የሩዝ አገዳ የምትመጥ ቡናማ ነፍሳት ዓመቱን ሙሉ ቀለብ አገኘች። መንግሥት ፀረ ተባይ በድጎማ አደለ። መርጨት በበዛ ቁጥር ነፍሳቷ በዛች፤ መርዙ የጨረሰው እሷን የሚበሉትን ሸረሪቶች ነበርና። በ1986 ፕሬዚዳንቱ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ በሩዝ ላይ እንዳይረጭ ከለከሉ፣ ድጎማውም ቀስ በቀስ ተነሳ። ምርቱ አልወደቀም። ከዚያ ገበሬው ማሳው ዳር ተቀምጦ ሸረሪት የሚቆጥርበት፣ ያየውን የሚሥልበት የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት ተጀመረ። ዛሬ በምሥራቅ አፍሪካም የሚሠራበት አሠራር ከዚያ የመጣ ነው፤ ሥልጠና ላይ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን በሀሊሙን ተራራ የሚኖሩት የቺፕታገላር ሰዎች በዓመት አንዴ ብቻ መዝራታቸውን አልተዉም። ጊዜውን የሚያውቁት ሰማይ አይተው ነው። ሰባቱ ከዋክብት ጥቅጥቅ ብለው የሚታዩበትንና ሦስቱ የሚደረደሩበትን ቦታ ያያሉ፣ ከዚያ መንደሩ በአንድ ወቅት ይዘራል፣ በአንድ ወቅት ያጭዳል። በመሐል ማሳው ባዶ ይቆያል። ነፍሳቷ ምን ትብላ? ሩዝ መሸጥም በልማዳቸው ክልክል ነው። ብር ሲያስፈልጋቸው የዘንባባ ስኳር ይሸጣሉ፣ ሙዝ ይሸጣሉ። ጎተራው ግን አይነካም። የአዝመራ በዓላቸው ሴረን ታውን በየዓመቱ ይከበራል፣ አዲሱ ሩዝ በሸክም ታጅቦ ወደ ትልቁ ጎተራ ይገባል።

«እንግዲያው ሁሉም እንደነሱ ያድርግ» እንዳትሉኝ። እነሱ ጫካና ሰፊ ተራራ አላቸው። ወረድ ብሎ ያለው ገበሬ ሩብ ሄክታር ይዞ አምስት ልጅ ያሳድጋል፣ በዓመት አንዴ ልዝራ ቢል ይራባል። የአንዱን መልስ ለሌላው መገልበጥ አይሆንም።

የመብራትን ነገር ደግሞ እዩ። ጋሩትን ከታሲክማላያ በሚያገናኘው መንገድ ዳር ካምፑንግ ናጋ የሚባል መንደር አለ። ከዋናው መንገድ ረጅም ደረጃ ተወርዶ ነው የሚደረሰው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ቅርብ ነው፣ እነሱ ግን አንፈልግም ብለዋል። ጣራቸው የዘንባባ ቃጫ ነው፣ ቤቶቹ ተጠጋግተዋል፣ እሳት ይፈራሉ፤ በ1956 ታጣቂዎች መንደሩን አቃጥለውት ያውቃል። ደግሞም አንዱ ፍሪጅ ገዝቶ ሌላው ሲያጣ ቅናት ይመጣል ይላሉ። ቺፕታገላሮች በበኩላቸው ወንዛቸው ላይ ትንሽ የኃይል ማመንጫ ተክለው የራሳቸውን የቴሌቪዥን ጣቢያ ከፍተዋል። ሁለቱም ሱንዳ ናቸው። ሁለቱም አስበውበታል። ቅጽ ላይ ብትሞሉት አንዱ «አልሚ»፣ ሌላው «ለውጥ የማይቀበል» ተብሎ ይወጣላችኋል።

ጥርጣሬያቸውም ምክንያት አለው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የሆላንድ ኩባንያ እዚያ ተራራ ላይ ቡና በግዴታ ያስተክል ነበር። ዘሩ ከእኛው ጫካ ወጥቶ በየመንና በህንድ የዞረ ነው። ግዴታው ኩባንያው ከፈረሰም በኋላ ቀጥሎ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ቆየ። ችግኝ ይዞ ለመጣ እንግዳ ወዲያው አላጨበጨቡም ብላችሁ አትቀየሙ።

ወጣቱ ይሄዳል፣ እንደኛው ነው። ወንዱ ወደ ባንዱንግና ጃካርታ ፋብሪካ ይሄዳል፣ ከሱካቡሚና ከቺያንጁር ደግሞ ብዙ ሴቶች ሳዑዲ ለቤት ሠራተኝነት ሄደዋል። የእኛ ልጆች እዚያ ጎረቤት ቤት የሚያገኟቸው እነሱን ነው። በ2013 እኛ ጉዞውን ከልክለን ነበር፣ በ2015 እነሱም ከለከሉ። ሰው ግን መንገድ አያጣም። በተላከው ብር የብሎኬት ቤት ይሠራል፣ ጎተራ የለውም። አልፈርድባቸውም። ሩዝ የሚገዛ ሰው ጎተራ ምን ያደርግለታል?

እንግዲህ ቀበሌያችሁ ስትደርሱ የመጀመሪያውን ወር ምንም አታሻሽሉ። ሱንዳ ወጣት በሽማግሌ ፊት ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጁን ወደ መሬት ዘርግቶ «ፑንተን» ይላል፣ ይቅርታ ልለፍ ነው። እናንተም በራሳችሁ ወግ እንዲሁ ግቡ። ከሴቶቹ ጀምሩ። ዘር ማን ይመርጣል? ክፉው ዓመት የቱ ነበር፣ ምን በልታችሁ አለፋችሁት? ደቦ የሚጠራው ለየትኛው ሥራ ነው፣ የማይጠራውስ ማን ነው? መልሱን ጻፉት፣ ሪፖርት ላይ ቦታ ባይኖረውም። ከዚያ በኋላ ማጭድ የሚያስፈልግ ሆኖ ካገኛችሁት ማጭድ ስጡ፣ እኔም አልቃወምም።

ስለ ሞተር ሳይክልና ስለ አበል የጠየቃችሁኝ ልጆች፣ እሱን ከወረዳው ጋር ጨርሱት።