ባጃጁ ለምን ይበራል? ሰዓቱስ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የምኖር የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ለጥምቀት እንግዶች ይሆናል ብዬ በጃቫስክሪፕት ትንሽ ገጽ እየሠራሁ ነው። ከላይ እንደ ግድግዳ ሰዓት ያለ ክብ ሰዓት አለ፤ ከታች ደግሞ አንድ ባጃጅ በፋሲል ግቢ አጥር ሥር ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። እኔ ላፕቶፕ ላይ ሸጋ ነው። የጓደኛዬ አዲስ ስልክ ላይ ግን ባጃጁ ይበራል፣ የእህቴ አሮጌ ስልክ ላይ ይንፏቀቃል። ሰዓቱም ክፍል ገብቼ ስወጣ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቀኛል። ይባስ ብሎ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን 9 ላይ ነው የሚያመለክተው። ኮዱን ልኬልሃለሁ፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?

መልስ፦ ኮድህን አየሁት። ከ9 ሰዓቱ በስተቀር ጥፋቱ አንድ ነው፣ ሁለት ቦታ ተደገመ እንጂ። ፕሮግራምህ ሰዓት አያይም፤ እርምጃ ነው የሚቆጥረው።

ከባጃጁ ልጀምር። ስክሪኑ አዲስ ሥዕል (ፍሬም) ሊያሳይ በተዘጋጀ ቁጥር ፈንክሽንህን፣ ማለትም የጻፍከውን የኮድ ክፍል፣ በሚጠራው በሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም መጠቀምህ ልክ ነው። ግን በተጠራህ ቁጥር ባጃጁን 2 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ትገፋዋለህ። ላፕቶፕህ ስክሪኑን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚያድስ ባጃጁ በሰከንድ 120 ፒክስል ይሄዳል። የጓደኛህ ስልክ 120 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 120 ጊዜ የሚያድስ ከሆነ ግን ያው ኮድ በሰከንድ 240 ፒክስል ይነዳዋል። 360 ፒክስሉን መንገድ አንተ ጋ በ3 ሰከንድ፣ እሱ ጋ በ1 ሰከንድ ተኩል ይጨርሳል ማለት ነው። የእህትህ ስልክ ደግሞ ሥዕሉን መሳል ስለሚከብደው በሰከንድ 25 ጊዜ ከደረሰ ጥሩ ነው፤ ባጃጁ አምስት ሰው ጭኖ ከአዘዞ ሽቅብ የሚወጣ ይመስላል።

መፍትሔው እጅህ ላይ ነው። ሪኩዌስት አኒሜሽን ፍሬም ፈንክሽንህን ሲጠራ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ጊዜውን በሚሊሰከንድ ይዞ ይመጣል። አንተ ዞር ብለህም አላየኸው። ከአሁኑ ጊዜ ላይ ያለፈውን ፍሬም ጊዜ ቀንስ፣ ለ1000 አካፍል፣ በ120 አባዛ፣ ያን ያህል ፒክስል ግፋው። አለቀ። 60 ሄርዝ ላይ በየፍሬሙ መሀል 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ታገኛለህ፣ 120 ላይ 8.3፤ ስክሪኑ ሲፈጥን እርምጃው በዚያው ልክ ያጥራል። ፕሮግራመሮች ዴልታ ታይም የሚሉት ይህንን ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ሰውየው ገጹን ትቶ ቴሌግራም ከፍቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቢመለስ፣ በመሀሉ ጥሪ ስለሌለ ልዩነቱ 600 ሰከንድ ይሆናል፤ ባጃጅህ በአንድ ዝላይ ከስክሪኑ ወጥቶ ይጠፋል። ስለዚህ ልዩነቱ ከ100 ሚሊሰከንድ ከበለጠ 100 ብለህ ቁረጠው። ለባጃጁ ብቻ ነው ታዲያ! ሰዓቱ ላይ ይህን ከሞከርክ የባሰ ታበላሸዋለህ።

ወደ ሰዓቱ። ኮድህን በየተወሰነ ጊዜ የሚጠራውን ሴት ኢንተርቫልን 1000 ሚሊሰከንድ ሰጥተህ በተጠራህ ቁጥር ሰከንድ ቆጣሪውን 6 ዲግሪ ታዞራለህ። 1000 ማለት ግን «ከዚያ በፊት አልጠራህም» ማለት እንጂ «ልክ በዚያች ቅጽበት» ማለት አይደለም። ገጹ ሲደበቅ ደግሞ ብሮውዘሩ ባትሪ ለመቆጠብ ጥሪውን ይቀንሳል፣ ክሮም ከ5 ደቂቃ በኋላ በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ እስከ መጥራት ይደርሳል። ያን ጊዜ ሙሉ ደቂቃ አልፎ አንተ 6 ዲግሪ ብቻ ጨመርክ። የድሮ ካህናት የጾም ሰዓት ለማወቅ ጥላቸውን በጫማ ይለኩ ነበር አይደል? መሀል ላይ ሸለብ ቢያደርጋቸውም ሲነቁ ጥላው እውነቱን ይነግራቸዋል። እየቆጠረ የሚሄድ ሰው ግን እንቅልፍ የወሰደበትን ከየት ያመጣል?

ስለዚህ መደመሩን ተው። በየፍሬሙ ስንት ሰዓት እንደሆነ ዴትን፣ ማለትም የስልኩን ቀንና ሰዓት የሚነግርህን የጃቫስክሪፕት ክፍል፣ ጠይቀው። ሰከንዱን በ6 ታባዛለህ፤ ደቂቃው ላይ የሰከንዱን ስድሳኛ ደምረህ በ6፤ ሰዓቱ ላይ የደቂቃውን ስድሳኛ ደምረህ በ30። ቆጣሪው ላይ ያስቀመጥከውን፣ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰውን የሲኤስኤስ ትራንዚሽንም አውጣው፣ አለዚያ ከ59ኛው ሰከንድ ወደ 0 ሲሻገር ከ354 ዲግሪ ወደ 0 በቀኝ መሻገሩን ትቶ ክቡን በሙሉ ወደ ኋላ ይዞረዋል። እኔም ጉድ ሆኜበታለሁ።

የ9 ሰዓቱ ነገር የኮምፒውተሩ ጥፋት አይደለም፣ እሱ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ነው የሚጀምረው። 6 ሰዓት ቀንስ። ባለ 12 ሰዓት ክብ ላይ 6 ሰዓት ግማሽ ዙር ስለሆነ ሰዓት ቆጣሪውን 180 ዲግሪ ብታዞረው ያው ነው፤ የደቂቃውን አትንካ። ግን ስንቱ ሰው፣ እናቴን ጨምሮ፣ ስልኩን በእጁ በእኛ ሰዓት ሞልቶታል! በእሷ ስልክ ላይ አንተ 6 ስትቀንስ እንደገና 6 ሰዓት ትሳሳታለህ። ይህን ከፈራህ ገጹ ሲከፈት ትክክለኛውን ሰዓት ከሰርቨሩ (ገጹን ከሚልከው ኮምፒውተር) አንዴ ተቀበል፣ ከስልኩ ሰዓት ጋር ያለውን ልዩነት ያዝ፣ ከዚያ በኋላ እሱን እየደመርክ ሂድ።

«ታዲያ ባጃጁንም በዴት ልንዳው?» እንዳትል። ዴት የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ስልኩ ከኔትወርክ ሰዓቱን ሲያስተካክል ወደ ኋላ ሊዘል ይችላል፣ ባጃጅህም በኋላ ማርሽ ይመለሳል። ፍሬሙ ይዞልህ የሚመጣው ጊዜ ግን እንደ አሰልጣኝ ስቶፕዎች ገጹ ከተከፈተ ጀምሮ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሄደው፣ የስልኩን ሰዓት ማንም ቢነካካው አይሰማም።

ስታስተካክል ገጹን ክፈትና ስልኩን ቆልፈህ ማራኪ ሰፈር ደርሰህ ተመለስ። ስትከፍተው ሰዓቱ ከእጅ ሰዓትህ እኩል ሆኖ ባጃጁ ትተኸው ከሄድክበት ቦታ ከቀጠለ ሊንኩን ላክልኝ፣ ከጥር 11 በፊት ግን።