ሁለት ቋንቋ አንድ ላይ ስጀምር ተደባለቀብኝ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ነው። ለሥራዬ ፈረንሳይኛ ስለሚያስፈልገኝ ፒያሳ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ማታ ማታ እማራለሁ። ጣሊያንኛም ለብቻዬ በስልኬ ጀምሬያለሁ። አሁን አንዱን ልናገር ስል ሌላው ይመጣብኛል። ዕድሜዬ ገፍቶ ይሆን? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የዕድሜ ጉዳይ አይደለም። ትልቅ ሰው የሚቸገረው በቅላፄ ነው እንጂ ሰዋስዉንማ መጀመሪያ ላይ ከልጅ ፈጥኖ ይይዛል። የተደባለቀብዎት ሁለቱም ከላቲን የወጡ ሆነው ሳለ ሁለቱንም በጀማሪነት ስለያዟቸው ነው። በጣሊያንኛ «ሳሊሬ» ወደ ላይ መውጣት ነው፤ በፈረንሳይኛ «ሳሊር» ማቆሸሽ።

ጣሊያንኛውን ያቆዩት እንጂ አይተዉት። ፈረንሳይኛው ቢ1 ደረጃ ይድረስ፤ ማለትም የዕለት ጉዳይዎን ሳይዘጋጁ መናገር ይቻሉ። ጎተ ኢንስቲትዩት ለጀርመንኛ ቢ1 ከ350 እስከ 650 ባለ 45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይገምታል፤ ፈረንሳይኛም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ክፍሉን ጨምሮ በሳምንት ስድስት ሰዓት ቢሰጡት ከአሥር ወር እስከ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ይወስዳል።

ቃላትን በአንኪ (በካርድ እያስከለሰ በሚያስጠናው ፕሮግራም) የሚያጠኑ ከሆነ አዲስ ካርድ በቀን ከ10 አይለፍ። ፕሮግራሙ ሲጫን 20 ላይ ነው የሚመጣው፤ ካልቀነሱት ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚከለሰው ብቻ በቀን 150 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚሰለቸውና የሚተወውም እዚያ ላይ ነው። ለጣሊያንኛው አዲስ ካርዱን 0 ያድርጉት፤ ክለሳው ይቀጥል፤ በሳምንት ሁለቴ ለሩብ ሰዓት ያዳምጡት።

አጥብቀን የምንለምንዎ ግን የፈረንሳይኛን አጠራር በፊደላችን ጽፈው እንዳይይዙ ነው። «ከላይ» እና «ከታች» የሚሉት ሁለት ተቃራኒ ቃላት በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ደሱ» ሆነው ያርፋሉ። ልዩነቱ በመጨረሻው ድምፅ ነው፦ «ከታች» ለማለት የእኛው «ኡ» ይበቃል፤ «ከላይ» ለማለት ግን ምላስዎን «ኢ» እንደሚሉ አድርገው ከንፈርዎን ብቻ ያሞጥሙጡ። ካርዱ ላይ የድምፅ ቅጂ ያያይዙ። በጣሊያንኛ ግን አማርኛችን ያግዝዎታል፤ ማጥበቅና ማላላትን ጆሮዎ ያውቀዋል። «ፓላ» ሲላላ አካፋ፣ ሲጠብቅ ኳስ ነው።

ጥያቄ፦ የአረብኛ ፊደል ለመልመድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? (ከመርካቶ)

መልስ፦ 28 ፊደል ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ከሰጡት ሦስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። በቃል መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ ላይ ቅርጹ ስለሚለዋወጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቃል ውስጥ ይጻፉት። አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይ እና ዋው ከሚከተላቸው ፊደል ጋር አይያያዙም፤ እነሱን አስቀድመው ይለዩ። ከንባብ ይልቅ የሚያስቸግርዎት ድምፁ ነው። እኛ «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን አንድ አድርገን እናነባለን፤ አረብኛ ሦስቱንም ለይቶ ይጠራል፤ ስለዚህ አረብኛ የሚችል ሰው እየሰማ ያርምዎት።