ኩላሊት ለደከመ ሰው አርሰኒክ? ጥያቄና መልስ

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ደም ካንሰር መድኃኒቶች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ስለ አርሰኒክ ነው፣ በተለይ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው። እዚሁ ጎንደር የምሠራ ክሊኒካል ፋርማሲስት ነኝ። «ዶክተር» እያላችሁ የጻፋችሁልኝ ማዕረጉን ለባለቤቶቹ መልሱላቸው። የማንንም መጠን እዚህ አልወስንም። ሐኪማችሁን ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ግን ልነግራችሁ እችላለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 52 ዓመቷ ነው። ግፊት ኩላሊቷን ጎድቶታል። አሁን ደግሞ ኤፒኤል የሚባል የደም ካንሰር ተገኘባትና አርሰኒክ ታዘዘላት። ይሄ መርዝ አይደል እንዴ? ጎረቤቱ ሁሉ «ሊገድሏት ነው» እያለኝ ነው። (ከአዘዞ)

መልስ፦ መርዝ ነው፣ አልዋሽህም። ልዩነቱ መጠኑና አሰጣጡ ላይ ነው። በኤፒኤል 15ኛውና 17ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጡና አንድ ጤነኛ ያልሆነ ፕሮቲን ይሠራሉ። ነጭ የደም ሴል ሳይበስል እንዲቀር የሚያደርገው እሱ ነው። አርሰኒክ ይህን ፕሮቲን ያፈርሰዋል። አብሮት የሚሰጠው አትራ የሚባል እንክብልም በሌላ ጎኑ ይገባበታል።

ሕክምናው በቻይና ሃርቢን ከተማ በ1970ዎቹ ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ የአውሮፓ ጥናት፣ ነጭ የደም ሴላቸው ብዙም ያልጨመረ ታካሚዎች ሁለቱን አብረው ወስደው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 97 በመቶዎቹ በሕይወት ነበሩ፤ በሽታውም አላገረሸባቸውም። ለካንሰር ይህ ቁጥር ብርቅ ነው። ያልታከመ ኤፒኤል ግን ደም እያፈሰሰ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ኩላሊቷ ታሟል ተብሎ ብቻ መድኃኒቱ አይቀርባትም። ከአደጋ የሚጠብቃት ክትትሉ ነው። ለጎረቤቶችህ ይህን ንገራቸው።

ጥያቄ፦ ከላይ የጠየቅኩት ነኝ። እናቴ 48 ኪሎ ናት፤ ክሬቲኒኗ (የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው የደም ምርመራ) 2 ነው። አንዱ «ትንሽ ነው» አለን፣ ሌላው ደነገጠ። ማንን እንመን?

መልስ፦ የደነገጠውን። ክሬቲኒን ብቻውን አያወራም፣ ዕድሜና ኪሎ ይፈልጋል። የእናትህን ዕድሜና ኪሎ ነግረኸኛል። ሲሰላ ኩላሊቷ በደቂቃ 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው የሚያጣራው። የ25 ዓመት፣ 75 ኪሎ ወጣት ያው ክሬቲኒን 2 ቢኖረው 60 ይደርሳል። ከ30 በታች ሲሆን ነው ከባድ የሚባለው።

አርሰኒክን ጉበት ይቀይረዋል፣ ኩላሊት ያስወጣዋል። ማጣሪያው ሲደክም መድኃኒቱም የተቀየረው ቅሪቱም ሰውነት ውስጥ ይቆያል። የተለመደው መጠን በኪሎ 0.15 ሚሊግራም በቀን ነው፤ ለእናትህ 7.2 ይመጣል። ከ30 በታች ለሆነ ሰው ሐኪሙ ሊቀንሰው ይችላል። ምን ያህል የሚለው ግን የልቧንና የደሟን ውጤት አይቶ የሚወስነው የሐኪሟ ሥራ ነው። አንተ የምትጠይቀው፦ «መጠኑ ስንት ነው? የማጣራት አቅሟ ታስቦ ነው ወይ?»

ጥያቄ፦ ባሌ ኩላሊቱ ታሟል፣ አርሰኒክም ይወስዳል። የኩላሊት ሐኪሙ ሙዝ ከለከለው። የደም ሐኪሙ ደግሞ ፖታሺየም ኪኒን አዘዘለት። ተጣልተው ነው እንዴ? (ከማራኪ)

መልስ፦ አልተጣሉም እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከመጡት ጥያቄዎች ዋናው ይሄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አርሰኒክ ልብ በየምቱ መሃል ራሷን የምታዘጋጅበትን ጊዜ ያስረዝማል። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ላይ ኪውቲ ይሉታል። በጣም ሲረዝም ልብ ትዛባለች፣ ሰውዬው በድንገት ሊወድቅ ይችላል። ፖታሺየምና ማግኒዥየም ዝቅ ሲሉ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ አርሰኒክ የሚወስድ ሰው ፖታሺየሙ ከ4 በላይ፣ ማግኒዥየሙ ከ1.8 በላይ እንዲሆን ይፈለጋል።

የታመመ ኩላሊት ግን ፖታሺየም ያጠራቅማል፤ ሙዝም ፖታሺየም ስላለበት ነው የተከለከለው። ከመጠን ሲያልፍም ልብን የሚያቆመው ያው ፖታሺየም ነው። ስለዚህ ባልሽ ያለው ከ4 እስከ 5 ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ሲያስመልሰው ወይም ላሲክስ የሚባለውን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሲወስድ ይወርዳል፣ ነገ ሽንቱ ሲቀንስ ይወጣል። በሳምንት ሁለቴ ደም የሚቀዱትም ለዚህ ነው። «ደሙን ጨረሱት» ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ የሚቀዳው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው፣ አይዞሽ።

ሙዙ ይቅር፣ ኪኒኑን ይውሰድ፤ ኪኒኑ ተለክቶ የታዘዘ ነው። የላብራቶሪ ወረቀቱን ግን ለሁለቱም ሐኪሞች አሳዪ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፦ ደሙ ሲቀዳ ከተጎዳ ወይም ሳይመረመር ብዙ ከቆየ፣ ፖታሺየሙ በውሸት ከፍ ብሎ ይነበባል። ቁጥሩ በድንገት ከዘለለ «ይደገም?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ኪውቲ ከ500 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ አርሰኒኩ ይቆማል፣ ማዕድናቱ ይስተካከላሉ፣ ከዚያ ይቀጥላል። መቆሙ ብቻውን አያስደንግጥሽ።

ጥያቄ፦ አርሰኒክ የሚወስደው ወንድሜ ለዕረፍት ደምቢያ ወርዶ ትኩሳት ያዘው። ወባ ነው ብለው ክሎሮኪን ሊሰጡት ነው።

መልስ፦ ቁም! ወባው ይታከም፣ ግን ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ አይደለም። የወባ መድኃኒቶቹ ክሎሮኪንም ኮአርተምም ኪውቲን ያስረዝማሉ። ሆስፒታል ይምጣ፣ ኢሲጂ ይነሣ፣ በክትትል ይውሰድ። ትኩሳቱ ወባ ላይሆንም ይችላል፤ ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ሰው በኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ይወድቃል። ማስመለስን የሚያስቆመው ኦንዳንሴትሮን፣ ለኢንፌክሽን የሚሰጡት ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲንና ፍሉኮናዞልም ኪውቲን ከሚያስረዝሙት ናቸው። ዝርዝሩን ጽፎ ኪሱ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ለራስ ምታት ዲክሎፌናክ መርፌ መወጋት እችላለሁ?

መልስ፦ በፍጹም። ኩላሊቱን ይጎዳል፣ ደም ያፈስሳል፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ ራሱ ለኤፒኤል ታካሚ አደጋ ነው። ደግሞም አትራ ራሱ ኃይለኛ ራስ ምታት ያመጣል። ንገራቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ ሕክምና በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት 4 ኪሎ ጨመረ። ምግብ ስለተስማማው ነው ብለን ደስ አለን። አሁን ትንፋሽ ያጥረዋል።

መልስ፦ አሁኑኑ ንገሩ፣ ነገ አትበሉ። ሴሎቹ እየበሰሉ ሲሄዱ ሰውነት ውኃ ያቁራል፣ ሳንባ ይሞላል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ኩላሊትም ሊቆም ይችላል። ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ይመለሳል። ኩላሊቱ ቀድሞ የታመመ ሰው ላይ «ያው የኩላሊቱ እብጠት ነው» ተብሎ ይታለፋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ይውጣ።

ጥያቄ፦ እጥበት ላይ ያለ ሰውስ?

መልስ፦ የተሰጣቸው አሉ። መጠኑን ቀንሰው፣ ከእጥበት በኋላ የሰጡ ሐኪሞች ልምዳቸውን ጽፈዋል። ግን የነጠላ ታካሚዎች ታሪክ ነው፤ ሁሉም የተስማማበት መጠን የለም። የኩላሊቱና የደሙ ሐኪም አብረው ካልተቀመጡ አይጀመርም።

ጥያቄ፦ እናታችን ጸበል ካልሄድኩ ብላለች። ጾሙንም አልፈታም አለች።

መልስ፦ እምነቷን የሚከለክል የለም። የሚያሳስበኝ ብዙ ጠጥቶ ማስመለሱ ነው፦ ፖታሺየሙ ይወርዳል፣ ውኃውም ለደከመ ኩላሊት ይበዛል። ጥቂት ትቅመስ። ካኑላ ያለበት እጇም አይርጠብ። አትራ ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት አይሆንም። የንስሐ አባቷን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታ እሳቸው ቢነግሯት ከእኔ ይልቅ ትሰማለች።

ጥያቄ፦ ለሌላ ዓይነት የደም ካንሰርስ ይሠራል?

መልስ፦ ዛሬ የሚታዘዘው ለኤፒኤል ነው። ግሊቬክ የሚባለውን የሌላ ደም ካንሰር ኪኒን ለሚወስድ ሰው ይሄ የአርሰኒክ ጉዳይ አይመለከተውም።

ጥያቄ፦ ኩላሊቷ ታሞ የነበረው ባለቤቴ አርሰኒኩን ጨረሰች። ልጅ መቼ እናስብ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ። እሷ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ቢያንስ 6 ወር መከላከያ መውሰድ አለባት። ታካሚው ወንድ ቢሆን 3 ወር ነበር። ኩላሊቷም ታሞ ስለነበር ከእርግዝናው በፊት ክሬቲኒንና ግፊቷ ይታይ። የግፊት መድኃኒቷ ኢናላፕሪል ከሆነ ለጽንሱ አይሆንም፣ ቀድሞ ይቀየርላት።