ይጠይቁን፦ ይህ ርካሽ ጉልበት ከየት መጣ?

ሰሞኑን የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተገጣጠሙ። ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ምግብ ዝግጅት፣ ዕቃ ማጓጓዝ ላይ የተሰማራችሁ ሰዎች ስለ ዘመናዊ ባርነት ጠይቃችሁናል። የመጨረሻው ደብዳቤ ግን ከአሠሪ አይደለም፣ ከሠራተኛ ነው። እሱን ሳታነቡ እንዳትሄዱ።

«ሠላሳ ምናምን ሠራተኞች ያሉት የጽዳት ድርጅት አለኝ። ትልቁ ደንበኛችን ስለ ዘመናዊ ባርነት የሚጠይቅ ረጅም ቅጽ ልኮ ሙላ አለኝ። እኛ ማንንም አስረን አናሠራም። ደግሞ ሕጉ ትልልቆቹን አይደል እንዴ የሚመለከተው? ዝም ብዬ ‹የለም፣ የለም› እያልኩ ልሙላውና ልገላገል?»

ሕጉን በተመለከተ ግማሹን ልክ ነዎት። ለምሳሌ የእንግሊዝ የ2015 የዘመናዊ ባርነት ሕግ በአንቀጽ 54 በየዓመቱ መግለጫ አውጡ የሚለው ሽያጫቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነው። የአውስትራሊያው የ2018 ሕግ ከ100 ሚሊዮን የአገሩ ዶላር ይጀምራል። እርስዎ እዚያ ውስጥ የሉም። ደንበኛዎ ግን ሊኖር ይችላል፣ እሱ ደግሞ ስለ አቅራቢዎቹ መናገር ስላለበት ጥያቄውን ወደ እርስዎ ያወርደዋል። (የእንግሊዙ ሕግ «ምንም አላደረግንም» ብሎ መግለጫ ማውጣትንም ይፈቅዳል። ሕግ አውጪዎቹ ምን አስበው እንደሆነ እነሱ ይወቁት።) ሰውን በግዳጅ ማሠራት ራሱ ግን ወንጀል ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ድርጅት ትልቅ ድርጅት የሚባል ነገር የለም።

«አስረን አናሠራም» ያሉት ነገር ግን ውሃ አያነሳም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ገና በ1930 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 29 የግዳጅ ሥራን ሲተረጉም ስለ ሰንሰለት አላወራም። ሰው በፈቃዱ ሳይሆን ቅጣት ፈርቶ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ነው ያለው። ቅጣቱ ዱላ ላይሆን ይችላል። «ከሄድክ ያልተከፈለህን ደመወዝ እርሳው»፣ «ለኢሚግሬሽን እደውላለሁ»፣ «ዕዳህን ቤተሰብህ ይከፍላታል» ማለትም ቅጣት ነው። የዓለም አቀፉ ድርጅት ራሱ የግዳጅ ሥራ 11 ምልክቶችን ዘርዝሯል፤ ማታለል፣ መታወቂያ መያዝ፣ ደመወዝ መከልከል፣ ከሰው መነጠል፣ ከልክ ያለፈ ትርፍ ሰዓት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር እርስዎ ሳያውቁ ግቢዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ምክንያቱም የሚያደርገው እርስዎ ሳይሆኑ ሠራተኛውን ያመጣው ሰው ነው።

ስለዚህ «የለም» ብለው አይሙሉት። «ይሄን ይሄን አጣርተናል፣ የሌሊት ፈረቃውን ገና አላየነውም፣ በሚቀጥሉት ወራት እናያለን» ብለው ይጻፉ። እንዲህ ያለ ቅጽ ብዙ ያነበበ ሰው ሁሉም ሳጥን ላይ «የለም» የሚለውን ነው የሚጠረጥረው።

«ሥራ ሲበዛብን ከኤጀንሲ ሰው እንወስዳለን። አዲሱ ኤጀንሲ ዋጋው ከሁሉም በጣም ይቀንሳል። ሠራተኞቹም ጎበዞች ናቸው፣ ቃል አይወጣቸውም። የቢሮ ባልደረባዬ ግን ‹ይሄ ነገር ደስ አላለኝም› ትላለች። ውሉ ላይ ሕግ እናከብራለን ብለው ፈርመዋል። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ባልደረባዎን ይስሟት። ከዚያ ካልኩሌተር ያውጡ።

በሕግ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 80 ነው እንበል። ኤጀንሲው እርስዎን በሰዓት 85 ያስከፍላል። ከ80ው በላይ የዓመት ፈቃድ አለ፣ የበዓል ክፍያ አለ፣ አሠሪው የሚከፍለው ጡረታና መድን አለ፣ የደንብ ልብስ አለ፣ ኤጀንሲው ቢሮና ሱፐርቫይዘር አለው፣ ማትረፍም ይፈልጋል። ይሄ ሁሉ በ5 አይሸፈንም። ሂሳቡ ካልገጠመ ልዩነቱን የሚከፍል ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። ወይ መንግሥት ግብሩን እያጣ ነው፣ ወይ ሠራተኛው ከደመወዙ እየተቆረጠበት ነው፣ ወይ ደግሞ ሥራውን ለማግኘት ራሱ ከፍሎ ነው የገባው። ፊርማው ይህን አይቀይረውም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሰው የሚበዘብዝ ደላላ አንድ ወረቀት ላይ መፈረም አይከብደውም።

ቀጥሎ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን ይጠይቁ። የግል መረጃ ነው ካሉ ስሞቹን ሸፍነው ያምጡ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሮቹን ወደ ታች ይከተሉ። የአራት ሰው ደመወዝ ወደ አንድ ሒሳብ የሚገባ ከሆነ እዚያው ያቁሙ። አድራሻውንም ይዩ፣ ዘጠኝ ሰው አንድ ክፍል ቤት አስመዝግቦ ሊያገኙ ይችላሉ። የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ የሁሉም ፊርማ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ ከሆነ፣ ሁሉም ሰው በየቀኑ ልክ 8 ሰዓት ሠርቶ አንድም ቀን ካላረፈደ፣ ያ ወረቀት ለይስሙላ የተሞላ ነው። ሰው እንደዛ አይሠራም።

ከዚያ ሰዎቹን ያናግሩ። የኤጀንሲው ሱፐርቫይዘር በሌለበት፣ በእረፍት ሰዓት፣ ሻይ እየተጠጣ። «ከፍለሃል?» ብለው አይጠይቁ፣ መልሱ «አልከፈልኩም» ነው። «ሰዎች እንዲህ ያለ ሥራ ለማግኘት ስንት ይከፍላሉ?» ቢሉ ግን ቁጥሩ ይመጣል። «ደመወዝህ እጅህ ላይ ስንት ይደርሳል? ብትታመም ምን ይሆናል? መሄድ ብትፈልግ ማንን ታስፈቅዳለህ?» የሚሉትም ጥሩ ናቸው። «ቃል አይወጣቸውም» ያሉትን ነገር እንደ ጉብዝና አይቁጠሩት። ሠላሳ ሰው ውስጥ አንድ እንኳን የሚያማርር ከጠፋ የሆነ ነገር አለ።

አሁን የማይወዱትን ልንገርዎት። ይህን ዋጋ የፈጠሩት በከፊል እርስዎ ነዎት። ጨረታውን በዋጋ ብቻ የሚያወዳድር፣ ሂሳብ በ90 ቀን የሚከፍል፣ ማታ ደውሎ «ለነገ ጠዋት 15 ሰው» የሚል ደንበኛ የኤጀንሲውን እጅ ራሱ ወደ ሠራተኛው ኪስ ይገፋዋል። በ30 ቀን ይክፈሉ። ከላይ ያለውን ስሌት የማያልፍ ዋጋ ሲመጣ ገና ከመነሻው ከጨረታ ያስወጡ። ውሉ ላይም ያለ እርስዎ ፈቃድ ሥራውን ለሌላ ኤጀንሲ ማስተላለፍ እንደማይቻል ያስገቡ። ሦስተኛና አራተኛ እጅ ላይ ሲደርስ ማን ማንን እንደቀጠረ የሚያውቅ አይኖርምና።

«ከሌላ አገር የመጡ ሠራተኞቼ ራሳቸው ‹ፓስፖርታችን እንዳይጠፋ አስቀምጥልን› ብለው ሰጡኝ። ካዝና ውስጥ አለ። ችግር አለው?»

አለው። ዛሬ ይመልሱላቸው። እርስዎ ደግ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ቁልፉ ግን እርስዎ ጋ ነው፣ ከእርስዎ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ አስኪያጅ ይመጣል። ለእያንዳንዳቸው ቁልፉ እነሱ እጅ ያለ ትንሽ ሎከር ይስጧቸው። ለመዝገብ ካስፈለገዎት ኮፒ ይበቃል።

«ሠራተኛ ሲቸገር አበድራለሁ፣ ከደመወዙ በየወሩ እቆርጣለሁ። አንድ ወዳጄ ‹ይሄ የዕዳ ባርነት ነው› ብሎ አስደነገጠኝ። እውነት ነው?»

ወዳጅዎ አጋኗል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ማበደር ጥፋት የለውም። ሰውየው ነገ ሥራ ልልቀቅ ቢል ዕዳው አስሮ ያስቀረዋል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው። ብድሩ በጽሑፍ ይሁን፣ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ይሁን፣ ወለድ አይኑረው፣ ቆርጠው የሚተዉለት ገንዘብ ወሩን የሚያኖረው ይሁን። ከለቀቀም ቀሪውን እንደ ማንኛውም ተበዳሪ ቀስ እያለ ይመልሳል እንጂ «ሳትጨርስ አትሄድም» አይባልም። ለሥራው ራሱ የሚሆን መቁረጥ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ሥራ ለማግኘት ወይም ላለማጣት ተብሎ ከደመወዝ መቁረጥን የ1949ኙ የደመወዝ ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 95 ከልክሏል፤ ለአሠሪም ሆነ ለደላላ።

የመጨረሻ ወር ደመወዝ እንደ መያዣ የሚያስቀሩ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ይተዉት። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ2021ን ሁኔታ አስልቶ ባወጣው ግምት 27.6 ሚሊዮን ሰው የግዳጅ ሥራ ላይ ነበር። ሰውን ለማስገደድ በብዛት ጥቅም ላይ የዋለው መንገድ ዱላ አልነበረም፣ ደመወዝ መያዝ ነው፤ 36 በመቶ የሚሆኑት ላይ ደርሷል።

«የልብስ ማጠቢያ አገልግሎት የሚሰጠን ድርጅት አንሶላና ፎጣ የሚያመጡ ሁለት ሴቶች አሉት። ሁልጊዜ አንድ ሰው አብሯቸው ይመጣል። ሳናግራቸው እሱ ነው የሚመልሰው። አንዷ እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አላት፣ ስትመጣ ሁሌ ያው ልብስ ነው የለበሰችው። ለፖሊስ ልደውል? ውሉን ላቋርጥ?»

አፋጣኝ አደጋ ካዩ፣ ሲመታት ወይም ሲያስፈራራት ካዩ፣ አዎ፣ ፖሊስ ይጥሩ። ከዚያ ውጭ ግን ሰውየውን እንዳይጋፈጡት። «ምን እያደረግክ ነው?» ቢሉት ነገ ሴቶቹ አይመጡም፣ ሌሎች ይተካሉ፣ እነሱን ዳግመኛ አያገኟቸውም።

ውሉንም ለጊዜው አያቋርጡት። ሰው ይሄን ሲሰማ ይገርመዋል። ውሉን ሲያቋርጡ እርስዎ ከደሙ ንጹህ ነኝ ይላሉ፣ ሴቶቹ ግን እዚያው ናቸው፣ እንዲያውም ድርጅቱ ደንበኛ ስላጣ ደመወዛቸው ይያዛል። ውሉ እስካለ ድረስ ግን ልምጣ፣ ልይ፣ ሰነድ አምጡ የማለት አቅም አለዎት።

ያዩትን በቀኑ ይጻፉ፤ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ታርጋ፣ ማን ምን እንዳለ። የጠረጠሩትን ሳይሆን ያዩትን። ከዚያ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትን ወይም በሰው መነገድን የሚከላከል ድርጅትን ያማክሩ። ሴቶቹን ለብቻ የማናገር አጋጣሚ ከተገኘ ቋንቋቸውን የምትችል ሴት ታናግራቸው፣ ያ ሰው ግን በፍጹም አስተርጓሚ እንዳይሆን። እነሱ የሚፈልጉትን ራሳቸውን ይጠይቋቸው። አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ማምለጥ ሳይሆን ያልተከፈለው የስምንት ወር ደመወዝ ነው፣ ይሄም መብቱ ነው።

«እኔ ሠራተኛ ነኝ። ወደዚህ ሥራ ለመምጣት ለደላላ ብዙ ገንዘብ ከፍያለሁ፣ ተበድሬ። አሁን ድርጅቱ ማን ስንት እንደከፈለ ሊጠይቅ ነው አሉ። ደላላው ደውሎ ‹ምንም አልከፈልኩም በይ፣ አለዚያ ያባርሩሻል› አለኝ። ቪዲዮም ቀርጾ ይዞኛል፣ አልከፈልኩም ስል። እውነቱን ብናገር ይጎዳኛል?»

እህቴ፣ ቪዲዮው አያስፈራሽ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ደላሎች ሆን ብለው የሚያስቀርጹት ነገር ነው፣ ምርመራ የሚያውቁ ሰዎች ያውቁታል። ደላላው የሚፈራው አንቺ እንድትባረሪ አይደለም፣ ገንዘቡን መልስ እንዳይባል ነው።

መመለስ ደግሞ በእርግጥ ሆኖ የሚያውቅ ነገር ነው። በ2020 የአሜሪካ ጉምሩክ የአንድ ትልቅ የማሌዥያ ጓንት አምራች ምርት በግዳጅ ሥራ ምክንያት እንዳይገባ አገደ። እገዳው በ2021 የተነሳው ኩባንያው ለሠራተኞቹ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ከከፈለ በኋላ ነው፣ ዋናው ጉዳይም ሠራተኞቹ ለደላላ የከፈሉት ገንዘብ ነበር። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መመሪያም የቅጥር ወጪ የሠራተኛው አይደለም ይላል። ለደላላ የሚከፈለው ኮሚሽን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የሕክምና ምርመራ፣ የጉዞ፣ የሥልጠና፣ የፈተና ወጪም ይገባበታል።

ከመናገርሽ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጊ። መጀመሪያ ድርጅቱን «ለተናገረ ሰው ምን ዋስትና አለ? ገንዘቡ ይመለሳል ወይ? መቼ?» ብለሽ ጠይቂ፣ ከተቻለ ከሌሎቹ ጋር ሆናችሁ፣ መልሱንም በጽሑፍ። ሁለተኛ፣ ያለሽን ማስረጃ ሰብስቢ፤ የባንክ ደረሰኝ፣ የደላላው የቴሌግራም መልእክት፣ ያበደረሽ ሰው ስም። ደረሰኝ ከሌለሽም ቀኑን፣ መጠኑንና ቦታውን አስታውሰሽ ጻፊ፣ አብረውሽ የመጡት ተመሳሳይ ቁጥር ከተናገሩ ያ ራሱ ማስረጃ ነው። የስልኩን መልእክት ደግሞ ስክሪንሾት አንሥተሽ ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ ስልክሽ ላይ ብቻ አታስቀምጪው።