እንቁላል ውስጥ የታየችው ነጥብ፦ የጓሮ ዶሮ አርቢዎች ጥያቄና መልስ

አውራ ዶሮ የለኝም። አስኳሉ ላይ ግን ደም አየሁ። ጫጩት ሊሆን ጀምሮ ነው?

አይደለም፤ ያለ አውራ ጫጩት የለም። አስኳል የሚያድገው በደም ሥሮች በተሸፈነ ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ሲደርስ ከረጢቱ መቀደድ ያለበት ደም ሥር በሌለበት ቀጭን መስመር ላይ ነው። ቅዳጁ ከመስመሩ ወጣ ካለ አንዲት ደም ሥር ትበጠሳለች፤ ጠብታዋም አስኳሉ ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። በቢላዋ ጫፍ አንሥተው ይጣሏት። ባያነሷትም በደንብ ከበሰለ አይጎዳም።

የኔው ቡናማ ነው፤ ነጩ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ቁራጭ ሥጋ ይመስላል።

ስሙም «የሥጋ ነጥብ» ነው። እንቁላሉ ከሚያልፍበት ቱቦ ግድግዳ የተላጠ ቅንጣት ወይም ቀለሙ የተለወጠ ደም ነው። ቡናማ ቅርፊት በሚጥሉ ዝርያዎች ላይ ይበዛል። ይነሣል፣ ይበላል።

የደም ነጥቡ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይመጣል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ከየትኛዋ ዶሮ እንደሆነ ይለዩ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክዎን መብራት እንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ላይ አስጠግተው ያብሩና እንቁላሉን ፈጠን አድርገው ያሽከርክሩት። የደም ነጥብ ካለ ከአስኳሉ ጥላ ጋር አብሮ ሲዞር ይታያል። ቅርፊቱ ጥቁር ቡናማ ከሆነ ግን ይህ ብዙም አያሳይም፤ የተጠረጠረችውን ዶሮ ለብቻዋ ለአራት አምስት ቀን አቆይቶ እንቁላሏን እየሰበሩ ማየት ይሻላል።

አንዷ ብቻ ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ የዘር ጉዳይ ነው። እንቁላሏን ይብሉ፣ ለማስታቀፍ ግን አይጠቀሙበት። ብዙዎቹ ከሆኑ መኖውን ይመርምሩ። ስንዴና ነጭ በቆሎ ብቻ የሚበሉ ዶሮዎች ቫይታሚን ኤ ያንሳቸዋል፤ ሙቀት ውስጥ ለወራት የተቀመጠ የተዘጋጀ መኖም ቫይታሚኑን ያጣል። ቢጫ በቆሎና በየቀኑ የሚቆረጥ አረንጓዴ ቅጠል ይስጧቸው። ለኮክሲዲዮሲስ (የዶሮ አንጀት በሽታ ነው) የሚሰጡ አንዳንድ የሰልፋ መድኃኒቶች ደግሞ የቫይታሚን ኬን ሥራ ያውካሉ፤ ያኔ ደም ቶሎ አይረጋም። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ አምፖልና ቤታቸውን የሚያስደነግጥ ውሻም አስተዋጽኦ አላቸው። የመብራቱ ሰዓት ከቀኑ ብርሃን ጋር ተደምሮ ከ16 አይለፍ።

አውራ አለን። አስኳሉ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ጽንስ ናት?

ነጯ ነጥብ በሁሉም እንቁላል ላይ አለች። ድፍንና ጠርዟ ያልተስተካከለ ከሆነ እንቁላሉ አልዳበረም። ሰፋ ብላ እንደ ቀለበት ክብ ከሠራች፣ መሐሏም ጠራ ካለ ዳብሯል። በጣዕም ልዩነት የለውም። ነገር ግን ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቆይቶ ማደግ እንዳይጀምር በየቀኑ ይሰብስቡትና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። የሸረሪት ድር የመሰለ የደም ሥር ካዩ ዶሮዋ ሦስት ቀን ያህል ታቅፋዋለች፤ ይጣሉት።

(ከአስኳሉ ግራና ቀኝ ስላሉት ነጫጭ ገመዶች ለጠየቁን፦ አስኳሉን መሐል ላይ የሚይዙ ማሰሪያዎች ናቸው። ጎልተው ከታዩ እንቁላሉ ትኩስ ነው።)

አስኳሉ ዥጉርጉር ሆነብኝ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ወደ ወይራ አረንጓዴ ያደላል።

ዥጉርጉርነት ኒካርባዚን የተባለው የኮክሲዲዮሲስ መድኃኒት ያለበትን መኖ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ሲበሉ ይታያል፤ ቡናማ ቅርፊትንም ያነጣዋል። መድኃኒቱ ለሥጋ ዶሮ እንጂ ለጣይ ስላልሆነ የመኖውን ከረጢት ጽሑፍ ያንብቡ። የወይራ ቀለሙ የሚመጣው ከጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ነው። ፋጉሎው ውስጥ ያለው ጎሲፖል የተባለ ንጥረ ነገር ከአስኳሉ ብረት ጋር ይዋሃዳል፤ እንቁላሉ በቆየ ቁጥር ይጠቁራል። ፋጉሎውን በሌላ ይተኩ።

ሰብሬ ሳየው ቅርፊቱ ከውስጥ ጥቁር ነጥብ ነበረው።

ይህን አይብሉ፤ ባይሸትም ሻጋታ ነው። ነጩ አረንጓዴ ወይም ሮዝ የሆነውም፣ ደሙ ነጩን ሁሉ ያቀላውም ይጣል። ሻጋታና ባክቴሪያ የሚገቡት በስንጥቅና በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ መንገዱን የሚከፍተው በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ነው። እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይኮማተርና ቆሻሻውን ከውሃው ጋር ወደ ውስጥ ይስባል። ኩስ ከነካው በደረቅ ብሩሽ ያራግፉለት። መታጠብ ካለበት ከእንቁላሉ ሞቅ ባለ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውሃ ሳይዘፈዘፍ ይታጠብ፤ ወዲያው ይድረቅ፤ ከሌሎቹም ቀድሞ ይበላ።