የአባት እጅ፣ የፈረንጅ ቁጥር፦ የፎንት ጥያቄዎቻችሁ

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት እህት በስልክ ብቻ የአማርኛ ፎንት (የኮምፒውተር ፊደል መልክ) መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቃለች። ለመለማመድ ይቻላል። 231 ፊደል በአውራ ጣት መሳል ግን ቅጣት ነው።

የሰኞ ገበያ ሰፈሩ ጠያቂ ይህንኑ ቁጥር አይቶ ደንግጧል። «33 በ7፣ በዚያ ላይ እነ ሏ እና ኳ፣ በዚያ ላይ ቁጥሩና ነጥቡ! ሁሉንም ልስል ነው?» አይደለም። ለ ካለህ ሉ ማለት ለ እና ወገቡ ላይ ያለች ጭረት ናት። ጭረቷን እግሩ ላይ ብታወርዳት ሊ፣ በቀለበት ብትተካት ሌ። ጭረቷንና ቀለበቷን አንዴ ሣልና በየፊደሉ ቅዳ። እንደ ሩ እና ፉ ያሉት አመለኞች ግን ለብቻ ይሣላሉ። ፎንትፎርጅ የሚባለው የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፣ አሮጌ ኮምፒውተርም ይበቃዋል።

የኮምቦልቻው ወንድሜ ደብዳቤ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የአባቱን የእጅ ጽሑፍ ስካን አድርጎ ፎንት ሠርቷል። እሱ ጋ ያምራል። ለእህቱ የላከላት ጽሑፍ ግን የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ተከፈተ። «ኮምፒውተሯ ተበላሽቶ ይሆን?» ይላል።

የለም፣ የተሳሳትከው አንተ ነህ። የአባትህን «ሀ» በፈረንጁ «ኤች» ቁጥር ላይ አስቀምጠሃታል። ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው መልክን ሳይሆን ቁጥርን ነው። ፎንት ለቁጥሩ የሚለበስ ልብስ ነው፤ እህትህ ልብሱ ስለሌላት ያየችው ኤችን ነው።

አትፈር፣ ድሮ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚሠራው። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው የጋራ መዝገብ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በኮምፒውተሩ አቆጣጠር ሀ 1200፣ ለ 1208፣ አራት ነጥብ 1362 ላይ ናቸው። ከዚያ በፊት የተየብነው ሁሉ ፎንቱ ሲጠፋ አብሮት ይጠፋል። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ የደረሰበት ይኸው ነው። ፋይሉን ከዓመታት በኋላ ስንከፍተው አንድ የአማርኛ ቃል አልተገኘበትም። ከወረቀቱ ላይ እንደገና የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ሦስት እሑድ ፈጀብኝ። የድንኳን አንቀጽ ላይ ስደርስ ለራሴም ልዘዝ አማረኝ።

አብሽር፣ ሥዕሉ አይጠፋም። ፎንትፎርጅ ውስጥ እያንዳንዱን ፊደል ከኤችና ከመሰሎቹ ቦታ አንሥተህ የዩኒኮድ ቦታው ላይ ለጥፍ። ስለ መተየቢያው አትጨነቅ፤ ቁልፍ ሰሌዳ ሌላ፣ ፎንት ሌላ። ስትጨርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍና ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የአማርኛ ፎንት ቀይረው። አሁንም አማርኛ ከሆነ ተሳክቶልሃል። የአባትህ እጅ ያኔ ለእህትህም ይደርሳል።

«ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ፎንት ትንሽ አሳምሬ በራሴ ስም ቴሌግራም ላይ ብለቀውስ?» ያልከው ሰውዬ፣ መጀመሪያ ፈቃዱን አንብብ። ለምሳሌ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው የአማርኛ ፎንት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በሚባል ክፍት ፈቃድ የወጣ ነው። መለወጥም ማካፈልም ትችላለህ። ፎንቱን ለብቻው መሸጥ፣ ወይም የሠሪዎቹን የባለቤትነት ማስታወሻ ፍቆ የራስህን ብቻ መጻፍ ግን አትችልም። የለወጥከውንም በዚያው ፈቃድ ነው የምትለቀው፤ የፈቃዱን ጽሑፍ ከፎንቱ ጋር አያይዝ። ኒያላ የማይክሮሶፍት ነው፣ እሱን አትነካካ። ማተሚያ ቤት ገንዘብ ልክፈልህ ካለህ ደግሞ ከመፈረምህ በፊት ጠበቃ አማክር። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ሳያሳዩ ፈርመው ሥራቸውን ለዘላለም የሸጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ሌሊት ፊደል ስትስል ዓይኗን የሚያቃጥላት እህት፣ ሐኪም ይይሽ። መብራቱንም አብሪ እንጂ!

የመጨረሻው ከኮምቦልቻ ነው። «ፎንቴን ጦሳ ልበለው ወይስ ቦርከና?» ቦርከና በለው፣ ወንዛችሁ ነው። የጦሳን ተራራ ለደሴ ልጆች ተዉልን።