አባይ ማዶ መቼ ባሕር ዳር ሆነ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። የአያታችን የግብር ደረሰኝ ግን «በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት» ይላል። ሰፈሩ ወደ ባሕር ዳር የተጠቃለለው መቼ ነው? ደረሰኙስ ዛሬ ምን ይሠራልናል?

መልስ፦ ደረሰኙ አልተሳሳተም። አባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ጢስ ዓባይ ሲወርድ የጎጃምና የበጌምድር ወሰን ነበር። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ወገን ጎጃም፣ የቤዛዊት ኮረብታ ያለበት ማዶው በጌምድር። ጎረቤታችሁ ደራ ዛሬም ደቡብ ጎንደር ነው።

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በፖሊቴክኒኩ ስትሰፋ፣ ወደ ወረታና ጎንደር የሚወጣው መንገድ በድልድዩ ስለሚያልፍ ቤቱም መንገዱን ተከትሎ ተሻገረ። ስለዚህ አንድ የመጠቃለያ ቀን ከመፈለግ፣ የእናንተ ቦታ ከገጠር ወደ ከተማ የዞረበትን ጊዜ መፈለግ ይሻላል። እሱን የሚነግራችሁ ወረቀቱ ነው።

«ጠቅላይ ግዛት» የሚል ወረቀት የንጉሡ ዘመን ነው። «ጎንደር ክፍለ ሀገር» የሚለው የደርግ ነው፤ «ደቡብ ጎንደር» ወይም «ምዕራብ ጎጃም» የሚለው ከ1980 ወዲህ፣ «ክልል 3» (የአማራ ክልል የቀድሞ መጠሪያ) የሚለው ደግሞ ከደርግ መውደቅ በኋላ። ከሁሉም በላይ ግን ማኅተሙን እዩ። የደርግ ዘመን ወረቀት ላይ «የገበሬ ማኅበር» ካለ ቦታው ያኔ ገጠር ነበር፤ «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ካለ ከተማ ገብቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የድሮውን የቀበሌ ቁጥር ከዛሬው ጋር ሲያገናኝ ነው። ቀበሌዎች ተዋህደዋል፣ ተከፍለዋል፤ ቁጥሩን ትታችሁ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ወንዙንና አዋሳኞቹን ተከተሉ።

ደረሰኙ የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም። የገጠር መሬት የካቲት 1967፣ የከተማ ቦታ ሐምሌ 1967 በአዋጅ የመንግሥት ሆኗል። የቤተሰቡን የቀድሞ ግብር ከፋይነትና የቦታውን ወሰን ግን ያሳያልና በጥንቃቄ ያዙት፤ ፕላስቲክ አታስለብጡት፣ ሙቀቱ ቀለሙን ያበላሻል።

የካሳ ጉዳይ ካለባችሁ የሚያስፈልገው የይዞታ ደብተሩና መሬቱ የተወሰደበት ቀን ነው። በአዋጅ 455/1997 ማሳው በቋሚነት ለተወሰደበት ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር። በአዋጅ 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ አሥራ አምስት እጥፍ ሆነ። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ፣ ቀኑን በጽሑፍ የያዘ ደብዳቤ ሳትይዙ አቤቱታ አትጀምሩ።